ሕንዶቹ ለምን ቀሩ?

አወው እግሬን በፋሻ መጠቅለል ያስተማረኝ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አወው የእናቴ አባት ነው፤ ቃሉ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። እኛ ቤት አማርኛው፣ ሶማሊኛውና ኦሮምኛው አንድ ድስት ውስጥ ስለሚበስል የቱ ቃል ከየት እንደመጣ የለየሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል ወደ ደቻቱ ይወስደኝና ውሃ የሌለው ወንዝ መሃል፣ አሸዋው ላይ ያስቀምጠኛል። ከኪሱ ነጭ ፋሻ ይመዛል። ከቁርጭምጭሚቴ ይጀምራል፣ በተረከዜ ያዞራል፣ የእግሬን መሃል ሁለቴ ይጠመጥማል፤ አውራ ጣቴን ግን ውጭ ይተዋታል።

«እሷ ማየት አለባት» ይለኛል። «ኳስ የሚታየው በአውራ ጣት ነው።»

«ጫማ ባደርግስ አወው?»

«ጫማ ዕውር ነው።»

ይህን ያስተማረው የሂሳብ መምህሩ ነው። አወው ተማሪ በነበረበት ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ከሕንድ የመጡ መምህራን ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ጠዋት አልጀብራ ያስተምርና ከሰዓት በኋላ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ኳስ ያስተምር ነበር። በወጣትነቱ ካልካታ ውስጥ ተጫውቷል። ብሔራዊ ቡድን አልገባም፤ የገቡትን ግን አንድ በአንድ ያውቃቸው ነበር። የአወው ትልቁ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ሰውዬ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ለንደን ላይ በተደረገው ኦሎምፒክ ሕንዶቹ ሜዳ ሲገቡ አብዛኞቹ ጫማ የላቸውም። አንዳንዱ በካልሲ ነው፣ አንዳንዱ በፋሻ፣ አንዳንዱ እግሩ እናቱ እንደወለደችው ነው። ፈረንሳዮቹ ጫማቸውን አስረው ቆመዋል። ጨዋታው ተጀመረ፤ ባዶ እግሮቹ ባለ ጫማዎቹን ላብ በላብ አደረጓቸው። ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፣ ሁለቱንም ሳቱ። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ።

«ከዚያስ?» እላለሁ፣ እያወቅኩት።

«ከዚያማ ፈሯቸው!» ይላል አወው እጁን እያወናጨፈ። «ብራዚል የዓለም ዋንጫ ስታዘጋጅ ሕንዶች ስማቸው ምድብ ውስጥ ገባ። 'ጫማ ካላደረጋችሁ አትገቡም' ተባሉ። 'እኛ ጫማ አናደርግም' አሉ። ቀሩ። እንደ እኔ።»

ይህቺ «እንደ እኔ» የታሪኩ ጅራት ናት። አወው የባቡሩ ወርክሾፕ ቡድን ክንፍ ተጫዋች ነበር። ቡድኑ አንድ ጊዜ ለዋንጫ ጅቡቲ ተጋብዞ በባቡር ሲሄድ አወው ድሬ ቀረ፤ ጫማ ግዴታ ነው ስለተባለና እሱ ጫማ ስላልነበረው። እኛ ቤት ይህ ታሪክ እንደ ሰርግ ፎቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ያህል ነው። እንግዳ ሲመጣ ይነገራል። ሁዮ፣ እናቴ ማለት ነው፣ ሽንኩርት እየከተፈች አብራው ትጨርሰዋለች።

እኔ አሁን አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አለው። በእረፍት ሰዓት ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሆነን በማይክ የምናነበው በሁለት ድምፅ ማጉያ ይሰማል። አንደኛው ወደ ሜዳው ዞሯል። ሁለተኛውን ማን እንዳዞረው አይታወቅም፣ ፊቱን ወደ ውጭው መንገድ ሰጥቷል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የኒም ዛፍ አለ፤ ጥላው ስር አግዳሚ፤ አግዳሚው ላይ አወውና ጡረታ የወጡ የባቡር ሰዎች። እውነቱን ለመናገር ከተማሪው ይልቅ እኛን የሚያዳምጡት እነሱ ናቸው። አምና የፈተና ፕሮግራም ሲነበብ አንዱ ሽማግሌ አፉን አጥሩ ቀዳዳ ላይ ለጥፎ «ፊዚክስ መቼ ነው ያላችሁት? ድገሙት!» ብሎ ጮኋል።

እኔ የማነበው የጤና ምክር ነበር። ስፖርት ለወንዶች ነው የሚል ሕግ የለም፤ ብቻ ማንም ሴት አንብባው አታውቅም። አምዱን የያዘው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ሲሆን እንግሊዝ አገር ያለ ክለብ ውስጥ የማን ጉልበት እንዳበጠ ከሐኪሞቹ በፊት ያውቃል። ስለ ውሃ ማፍላት ለአራተኛ ጊዜ ካነበብኩ በኋላ የሚኒ ሚዲያው ተጠሪ ወደሆነው የአማርኛ መምህራችን ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ስፖርት ማንበብ እፈልጋለሁ።»

«ውሃውስ?»

«ፈልቷል ቲቸር።»

ሳቀ። አርብ አርብ አምስት ደቂቃ ሰጠኝ፣ ለሙከራ። የስፖርቱ ልጅ ቅር አለው፤ አርብ የሳምንቱን ጨዋታዎች ውጤት የሚገምትባት ቀኑ ነበረች።

በመጀመሪያው አርብ ያነበብኩት የአወውን ሕንዶች ነው። ሦስት ቀን ጻፍኩት፣ አራት ጊዜ ገለበጥኩት። ፋሻውን ጻፍኩ፣ ዕውር ጫማውን ጻፍኩ፣ የሳቷቸውን ሁለት ምቶች ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «በጫማ ምክንያት ከዓለም ዋንጫ ቀሩ፤ እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥም በጫማ ምክንያት ከጅቡቲ የቀረ ሰው አለ፣ እሱም አያቴ ነው» ብዬ ዘጋሁ። ሜዳው ላይ ልጆቹ ሳምቡሳቸውን እንደያዙ ቆመው ሲሰሙ በመስኮት አየሁ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጭብጨባ ተነሳ! አወውን ትከሻውን ሲመቱት እስከ እኛ ይሰማል። ሰው የጻፈው ነገር እግር አውጥቶ ሲሄድ ማየት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅኩ። ቤት እስክደርስ መሬት አልረገጥኩም።

ቅዳሜና እሁድ አወው የሰፈሩ ሰው ሆነ። ሻይ የሚሸጥልን ሰውዬ «ባዶ እግሩ» እያለ ጠራው። ባጃጅ ነጂዎች ጥሩምባ ነፉለት።

ሰኞ ጠዋት የስፖርቱ ልጅ ስልኩን እንደ መታወቂያ ካርድ ወደ ፊት ዘርግቶ መጣ።

«አቦ፣ ተረት ነው ያነበብሽው።»

«የቱ?»

«የለንደኑ እውነት ነው። ሕንዶቹ ባዶ እግራቸውን ተጫውተዋል፣ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምትም ስተዋል። የብራዚሉ ግን በጫማ ምክንያት አይደለም። ሰው ሁሉ እንደዚያ ያወራል እንጂ አይደለም ይላል እዚህ። ምንጭሽ ምንድን ነው?»

«አወው።»

«አወው ምንጭ ነው?»

«ያንተ ስልክ ኳስ ተጫውቶ ያውቃል?»

ልጆቹ ሳቁልኝ። ቲቸር ግን አልሳቀም። የእኛ ሚኒ ሚዲያ አንዲት ጥብቅ ሕግ አላት፦ ስህተት ያነበበ ሰው በሚቀጥለው ተራው ከሰላምታውም ከሙዚቃውም በፊት «ማረሚያ» ብሎ በራሱ ድምፅ ያርማል። ያላረመ ማይክ አይነካም።

«እስከ አርብ ጊዜ አለሽ» አለኝ ቲቸር። «ወይ እውነት መሆኑን አሳዪን፣ ወይ ማረሚያ አንብቢ፣ ወይ አምዱን መልሽለት።»

የመጨረሻውን ምርጫ ጨርሶ አልፈልገውም። አርቧን ገና አንድ ጊዜ ነው የቀመስኳት። ግን መካከለኛውም ከዚያ አይሻልም። ማረሚያውን ሳነብ ሁለተኛው ድምፅ ማጉያ ወዴት እንደሚያይ አውቃለሁ። አወው ከጓደኞቹ መሃል ተቀምጦ፣ ሃምሳ ዓመት የተናገረውን ታሪክ የገዛ ልጅ ልጁ በማይክ ስታፈርስበት ሊሰማ ነው። ሕንዶቹ በጫማ አልቀሩም ከተባለ ደግሞ «እንደ እኔ» የምትለዋ ጅራት ምን ላይ ትንጠለጠላለች?

«ስለ ውሃ ስታነቢ ከማንም አልተጣላሽም ነበር» አለችኝ ሁዮ።

ቢሆንም መፍትሔውን ያገኘችልኝ እሷው ናት። አሸዋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ከደንበኞቿ አንዷ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሕንዳዊት ዶክተር ናት፤ ከዚራ ሰፈር ነው የምትኖረው። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማረች ስትከራከር እንኳ እንደ ደብዳቤ ነው የምትናገረው። ሁዮ ሱቅ ጠብቄ አገኘኋትና ስለ ሕንድ እግር ኳስ ጠየቅኳት።

«ይቅርታሽን እለምናለሁ» አለች። «እኔ የክሪኬት ሰው ነኝ። ስለ እግር ኳስ የማውቀው ክብ መሆኑን ነው።»

ተስፋዬ ሲወድቅ ፊቴ ላይ አየችው መሰለኝ።

«ነገር ግን አባቴ አለ። ካልካታ ነው ያለው። ስለ ኳስ ከጀመረ እናቴ ከቤት ትወጣለች። ረቡዕ በአስራ አንድ ሰዓት ነይ፣ በቪዲዮ እናገኘዋለን።»

በደስታ ጨርቁን ሁሉ ላቅፍ ነበር። የካልካታ ሰው! የአወውን ታሪክ ከሥሩ የሚያውቅ! አወውን ይዤው እሄዳለሁ፣ ሰውዬው «አዎ፣ በጫማ ነው» ይላል፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ አርብ ዕለት የስፖርቱ ልጅ ስልኩን ኪሱ ይከታል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ረቡዕ አወው ከቀትር እንቅልፉ ቀድሞ ተነሳ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለበሰ፣ ሽቶ ተቀባ፣ ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ባጂያ በወረቀት አስጠቀለለ። የባጂያው ዘይት ሸሚዙን እንዳይነካ በሁለት ጣቱ አርቆ ይዞት በባጃጅ ወደ ከዚራ ሄድን። ዶክተሯ በሩን ከፍታ ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ፣ አባት? እርስዎን በማየቴ ደስ ብሎኛል።»

አወው ዘወር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ተመለከተ። ድሬዳዋ ውስጥ በሕይወቱ «እርስዎ» ተብሎ አያውቅም።

«አንተን ነው አወው» አልኩት በሹክሹክታ።

«እኔ ስንት ሰው ነኝ?» አለኝ።

ባጂያውን ስታይ ግን ዶክተሯ ራሷ ደብዳቤነቷን ረሳች። «ይህ የእኛ ነው እኮ! ስሙም የእኛ ነው!» አለች። አወው «የእኛ ነው» አለ። ሳይስማሙ ጨረሱት።

ከዚያ ስልኩ ጠራ። መጀመሪያ የታየን ግንባር ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ አንድ ጆሮ፤ ቀጥሎ ዶክተሯ በቋንቋዋ ስትቆጣ ሙሉ ፊት መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ጥርሱ የሳሳ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። አወው ከድሮ የሕንድ ፊልሞች የለቀማቸው ሁለት ቃላት አሉት፣ አንዱ «ልቤ» ማለት ነው፣ ሌላው «ከሃዲ»። ሁለቱንም ወረወረላቸው። የካልካታው ሽማግሌ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ወሬው በሦስት እርከን ነበር የሚሄደው። እሳቸው በቋንቋቸው፣ ዶክተሯ በእንግሊዝኛና በመጽሐፍ አማርኛ፣ እኔ በድሬ አማርኛ። አወው ስለ ሂሳብ መምህሩ ሊነግራቸው ጀመረና ትርጉሙ ሲጎተትበት ሰለቸው። ነጠላ ጫማውን አወለቀ። ከኪሱ ፋሻ አወጣ፤ ይዞት መምጣቱን እኔም አላወቅኩም ነበር። እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ መጠቅለል ጀመረ፦ ከቁርጭምጭሚት፣ በተረከዝ፣ መሃሉን ሁለቴ። እኔ ስልኩን ወደ እግሩ ያዝኩ። ከዚያ ማዶ ጩኸት ተሰማ።

«ምን አሉ?» አለ አወው ደንግጦ።

ዶክተሯ ዓይኗን እየጠራረገች ነበር። «'አውራ ጣቱን! አውራ ጣቱን ውጭ ተወው!' እያለ ነው።»

«ንገሪያቸው፣ እሷ ማየት አለባት።»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ስልካቸውን የሆነ ነገር ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ። ቢቻል እዚያው ሁለቱም ሜዳ ይገቡ ነበር።

አሁን ነው ጊዜው ብዬ ደብተሬን ከፈትኩና ጥያቄዬን ጠየቅኩ። ሕንዶቹ ከብራዚሉ ዋንጫ የቀሩት በጫማ ምክንያት ነው አይደል?

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ፣ ዶክተሯም ቀስ ብላ ተረጎመች።

«'እኛም ለልጆቻችን እንደዚያ እንላለን' ይላል። 'ምክንያቱም ያኛው ታሪክ ያምራል። ግን በጫማ አይደለም። የመርከቡ ጉዞ ረጅም ነበር፤ ተጫዋች መምረጡ ላይ አልተስማሙም፤ ልምምድም አነሰ። ዋናው ግን ለእግር ኳስ ኃላፊዎቻችን ትልቁ ነገር ኦሎምፒክ ነበር። የዓለም ዋንጫን ናቁት። ሌላ ጊዜ እንሄዳለን አሉ።'»

ስተረጉምለት ድምፄ አነሰ። አወው ግማሹ በፋሻ የተጠቀለለ እግሩን እንደያዘ ቀረ።

«ሌላ ጊዜ እንሄዳለን አሉ?»

«አዎ አወው።»

«እና ሌላ ጊዜ ሄዱ?»

ዶክተሯ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «'ከዚያ በኋላ ጥሩ ነበርን' ይላል። 'የእስያን ወርቅ አመጣን፣ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ አራተኛ ወጣን፣ ያውም በጫማ። የዓለም ዋንጫ ግን እስከ ዛሬ አልሄድንም።'»

አወው ሲሰናበታቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያችኑ «ልቤ» የምትለዋን ቃል ደገማት፤ ሽማግሌውም መለሱለት።

ስንመለስ ባጃጅ አልፈልግም አለ። በእግራችን ሄድን። እኔ ይቅርታ የምልበትን ቃል እየፈለግኩ ነበር፤ እሱ ምን እየፈለገ እንደነበር አላውቅም። ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመና ታች አሸዋው ላይ የሚጫወቱትን ልጆች እያየ፦

«ጫማ ነበረኝ» አለ።

«ምን?»

«ታኬታ። ጥቁር። ቁጥሩ ልኬ። ለቡድኑ በሙሉ ታድሎን ነበር።»

«እና ከጅቡቲ ለምን ቀረህ?»

«ሰርግ።»

«የማን ሰርግ?»

«የአጎቴ ልጅ። እዚያ ቢዮ አዋሌ መንደር። ባቡሩ የሚነሳው በሰርጉ ቀን ሆነ። ሁለት ሙክት ታርዷል፣ ሩዙ ደግሞ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ጅቡቲ የት ትሄዳለች አልኩ። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞ አልተጠራንም። ከዚያ ጉልበቴን ታመምኩ። ከዚያ እናትሽ ተወለደች።» ልጆቹ ጎል ገባ አልገባም ብለው ሲጯጯሁ ትንሽ ሰማቸው። «ሥጋው ግን ጥሩ ነበር» አለ።

አልቻልኩም፣ ሳቅኩ። እሱም ጀመረ።

«ጫማውስ አወው? ጫማው የት ሄደ?»

«እሱማ... ሙሽራው አዲሱ ጫማ ጠበበው። እግሩ አብጦ ሊያለቅስ ደረሰ። አውልቄ ሰጠሁት። በታኬታ ነው ያገባው! ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰው ሁሉ በቅሎ መጣ ብሎ ዞረ። ከዚያ ተመቸኝ ብሎ አልመለሰልኝም። ስለዚህ ጫማ አልነበረኝም ስል ሙሉ ውሸት አይደለም። ከሰርጉ በኋላ አልነበረኝም።»

የድልድዩን ብረት ይዘን እስኪበቃን ሳቅን። አላፊ አግዳሚው አየን። አወው ዓይኑን በፋሻው ጫፍ ጠረገ።

«መምህሬ የለንደኑን ነው የነገረኝ» አለ ቆይቶ። «የብራዚሉን ሻይ ቤት ሰው ሲያወራ ሰማሁት። ስሰማው በልኬ የተሰፋ መሰለኝ። ለበስኩት።»

«አርብ ምን ላድርግ?»

«አርሚ እንጂ።»

«ሁሉም ይሰማሉ እኮ። ድምፅ ማጉያው ወደ እናንተ ነው።»

«ያንቺ ድምፅ ስለሆነ ነው እዚያ የምቀመጠው» አለ። «ስሚ። ሕጋችሁ የተሳሳተ ሰው በራሱ ድምፅ ያርም ነው አይደል? የሕንዶቹን አንቺ አርሚ። የእኔን ተዪልኝ።»

ማረሚያውን ሐሙስ ጻፍኩት። ከመጀመሪያው ጽሑፌ ያጠረ ነው፤ ግን የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። እያንዳንዱን አረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አንብቤ የአወውን ፊት እያሰብኩ ሰርዣለሁ።

አርብ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ማይኩ ፊት ተቀመጥኩ። የስፖርቱ ልጅ ሙዚቃውን ሊለቅ ጣቱን ደቅኗል። ቲቸር በሩ ላይ ቆሟል። አፌን ወደ ማይኩ አስጠጋሁ።

«ማረሚያ» አልኩ። «ባለፈው አርብ ሕንዶች ከብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በጫማ ምክንያት ቀሩ ብዬ አንብቤ ነበር። ተሳስቻለሁ። ለንደን ላይ ባዶ እግራቸውንና በፋሻ መጫወታቸው እውነት ነው። ከብራዚል የቀሩት ግን መንገዱ ረጅም ስለነበር፣ ስላልተዘጋጁና ዋንጫውን ትንሽ ነገር አድርገው ስላዩት ነው። ሌላ ጊዜ እንሄዳለን ብለው ነው የቀሩት። እስከ ዛሬ አልሄዱም። አውራ ጣትን ውጭ መተው ግን ትክክል ነው፤ ካልካታ ደውለን አረጋግጠናል።»

ሙዚቃው አልተለቀቀም። የስፖርቱ ልጅ ጣቱን እንደደቀነ ረስቶታል።

«ካልካታ ደወላችሁ?» አለ።

«ምንጭ ትፈልግ የለ?»

መልሱን አልጠበቅኩም። ወጥቼ ወደ አጥሩ ሮጥኩና ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ። ኒሙ ስር አወው ቆሟል፤ ሌሎቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ሽቅብ ያዩታል።

«እኔም ማረሚያ አለኝ» አለ አወው። «ጫማ ነበረኝ። ከጅቡቲ የቀረሁት ለሰርግ ነው። ለሥጋ። ጨረስኩ።»

ከዚያ ከአግዳሚው ጥግ፣ የድሮ ባቡር ነጂ የሆነው፣ አወውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሽማግሌ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«እናውቃለን እኮ» አለ።

«ምን ታውቃላችሁ?»

«አጠገብህ ቁጭ ብዬ የበላሁ ሰው ነኝ! የሙሽራውን ታኬታ ማን ያሰረለት ይመስልሃል? ጎንበስ ብዬ እኔ ነኝ ያሰርኩለት!»

«ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ?»

«አቦ፣ ታሪኩ ጥሩ ነበር። ደግሞ ስትናገረው ሻይ ትጋብዛለህ።»

ኒሙ ስር እንዲህ ያለ ሳቅ ተነስቶ አያውቅም። አንዱ ወድቆ አነሱት። ሌላው ሙሽራው በታኬታ እንዴት እንደሄደ በነጠላ ጫማ ሊያሳይ ተነሳ። አወው መሃላቸው ቆሞ ሲሰድባቸው ፊቱ ግን በርቷል፤ ከጭብጨባው ቀን ይልቅ በርቷል።

ቀዳዳው ላይ ዓይኔን አየውና መጣ። አፉን አስጠጋ።

«ይህ ሰውዬ ጆሮው ከብዷል፣ አልሰማሁም ይላል። ሕንዶቹ ለምን ቀሩ ነው ያልሽው? ድገሚው!»

ደወሉ ሊደወል ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። ወደ ማይኩ ክፍል ተመልሼ ቲቸርን አየሁት። እሱም ከመስኮቱ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል መሰለኝ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል።

«እኔን ምን ታይኛለሽ?» አለ። «አርብ ያንቺ ነው።»

የስፖርቱ ልጅ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋው። ተቀመጥኩና ማይኩን ከፈትኩ።